የትሮምቦን ምሽት፦ በማመልከቻው ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስዊንግ የሚባለውን የጭፈራ ጃዝ የነፉ ትሮምቦን ነፊዎችን ፊልም ለማሳየት፣ ለቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የምናስገባው ማመልከቻ ከሁለት ገጽ መብለጥ የለበትም። የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት ምሽት ይጠይቃል፤ አንዱ ለቶሚ ዶርሲ፣ አንዱ ለግሌን ሚለር (ሁለቱም ትሮምቦን የሚነፉ ነጭ ባንድ መሪዎች)፣ ሦስተኛው «ለሌሎች»። ያላችሁን ዛሬ ጻፉ፣ ነገ ማታ አጠቃልዬ እልካለሁ።

ፊልም አሰባሳቢው፦ «ለሌሎች» የምትለዋ ቃል ከነከነችኝ። ሌሎች የተባሉት እኮ የጥቁሩ ባንድ መሪ የዱክ ኤሊንግተን ሦስቱ ትሮምቦን ነፊዎች ናቸው፤ ትሪኪ ሳም ናንተን፣ ሎረንስ ብራውንና ሁዋን ቲዞል። ሚለርን ሆሊውድ በ1941 እና በ1942 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በሁለት ሙሉ ፊልም አሳየው። ዶርሲማ ከዚያም ይበልጣል። የጥቁሮቹ ባንዶች ድርሻ በአብዛኛው አጫጭር ፊልም ነበር። ሙሉ ፊልም ውስጥ ሲገቡም ብዙ ጊዜ ትዕይንታቸው ለብቻው ይቀረጽ ነበር፤ የደቡብ ሲኒማ ቤቶች ቆርጠው ማውጣት ቢፈልጉ ታሪኩ እንዳይጎድል። ያንን አድልዎ እኛ ደግሞ በማመልከቻ አንድገመው።

ጋሼ (በወጣትነታቸው ትሮምቦን የነፉት)፦ ልጄ፣ ያልከው እውነት ነው። ግን ዶርሲን አውጥታችሁ እንዳትጥሉብኝ። ዘፋኙ ፍራንክ ሲናትራ ከእሱ ባንድ ጋር ሲዘፍን ከኋላው ሆኖ ኮቱ ላይ ያፈጥ ነበር፤ ሰውዬው የት ላይ እንደሚተነፍስ ለማወቅ። ኮቱ ንቅንቅ አይልም። ይህን ሲናትራ ራሱ ነው የተናገረው። ፊልም ላይ ስታዩት እናንተም ኮቱን እዩ። እኔ ስንት ዓመት ነፍቼ ያንን ትንፋሽ አላገኘሁትም።

ፊልም አሰባሳቢው፦ እሺ ጋሼ፣ ይቆይልዎ። አሁን ደግሞ አንድ ችግር አለብኝ። ትናንት ካገኘኋቸው «ሳውንዲ» የሚባሉ አጫጭር የሙዚቃ ፊልም ኮፒዎች በአንዱ ላይ ትሮምቦን ነፊው ስላይዱን (የሚሳበውን ቧንቧ) በግራ እጁ ነው የሚስበው! ግራኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳየው የሁሉም ኮት ቁልፍ በሴት በኩል ነው፣ የፒያኖው ወፍራም ድምፅም በስተቀኝ ሆኗል።

ጋሼ፦ ትሮምቦን በግራ ይያዛል፣ በቀኝ ይሳባል። ኮፒው ተገልብጧል።

ፊልም አሰባሳቢው፦ አዎ፣ ምክንያቱም አለው። ሳውንዲ ከ1940 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተሠራ የሦስት ደቂቃ ገደማ ፊልም ነው። ቡና ቤትና ሆቴል ውስጥ በቆመ ፓኖራም በሚባል ማሽን ነበር የሚታየው፤ ማሽኑን የሚሠራው የቺካጎ ፋብሪካ ነው። 10 ሳንቲም ታስገባለህ፣ በተራው የመጣውን ታያለህ፤ አንድ ጥቅል ላይ ስምንት ፊልም ተቀጣጥሏል፣ መምረጥ የለም። ምስሉ በመስታወት ተመልሶ ከኋላ በኩል የማሽኑ መስኮት ላይ ስለሚያርፍ ኮፒውን ሆን ብለው ገልብጠው ያትሙት ነበር። በተራ ፕሮጀክተር ስታሳየው ባንዱ በሙሉ ግራኝ ይሆናል። እኔ ሁሉንም አስተካክላለሁ፤ ግን አንዱን ሳላስተካክል መጀመሪያ ላይ ብናሳየውስ? ሰው ራሱ ይድረስበት።

ጸሐፊዋ፦ ይህቺን ወድጃታለሁ። ማመልከቻው ላይም ትግባ።

ጋሼ፦ ከእጁ የባሰ ሌላ አለ። ለሳውንዲ ድምፁ አስቀድሞ ይቀረጽና ካሜራው ፊት የሚነፉ ይመስላሉ። በሳክስፎን ይህን ለመያዝ ይቸግራል፣ ጣቶቹን ማን ይከታተላል? ትሮምቦን ግን ያጋልጣል። ድምፁ ወርዶ ክንዱ ሳይዘረጋ ካየህ አበቃ። ቲዞል ብቻ ነው የሚያመልጠው፤ የእሱ ትሮምቦን ስላይድ የለውም፣ እንደ ትራምፔት በቫልቭ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ሒሳቡን ነው የማየው። የሚለር ሁለቱ ፊልሞች የስቱዲዮ ፈቃድና ክፍያ ይፈልጋሉ፤ በጀታችን አይችለውም። የኤሊንግተን የ1929 አጭር ፊልም «ብላክ ኤንድ ታን» ግን 95 ዓመቱ ሞልቶ ከ2025 ጀምሮ እዚህ አሜሪካ ነጻ ነው። የዶርሲ ወንድማማቾች የራሳቸውን ታሪክ የተወኑበት የ1947ቱ ፊልምም የቅጂ መብቱ ሳይታደስ ቀርቷል። ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ ሳናጣራ እንዳንጽፍ።

ፊልም አሰባሳቢው፦ 1929 ስዊንግ ነው እንዴ? የስዊንግ ዘመን የሚቆጠረው ባንድ መሪው ቤኒ ጉድማን ሎስ አንጀለስ፣ ፓሎማር ጭፈራ ቤት ሕዝቡን ካስጨፈረበት ከ1935 ነው እኮ።

ጋሼ፦ የትሪኪ ሳም የትሮምቦን ጉርምርምታ በዓመተ ምሕረት አይለካም። ይግባ።

ጸሐፊዋ፦ ይግባ። ሌላም አለኝ። አዳራሹን የሚሰጡን ሰዎች «ሐበሾች ከዚህ ጋር ምን አገናኛችሁ?» ማለታቸው አይቀርም። ኤሊንግተን የዚሁ የዋሺንግተን ልጅ ነው። ቲዞልም በ1920 ከፖርቶ ሪኮ መጥቶ ሃዋርድ ቲያትር ይነፋ ነበር፤ እንጀራ ከምንበላበት ከዩ ስትሪት ጥቂት እርምጃ ነው። ኤሊንግተን ደግሞ በ1973 አዲስ አበባ ሄዶ ተጫውቷል፣ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር ተገናኝቷል። ሁለት መስመር ይበቃዋል፣ አናስረዝመው።

ሦስቱን ምሽት ወደ አንድ አጠቃልያለሁ። የተሻሻለው ጽሑፍ ይኸው፦

«ማኅበራችን አዳራሹን ለአንድ ምሽት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ተገልብጦ የታተመ አንድ ሳውንዲ እንዳለ ይታያል። ቀጥሎ ‹ብላክ ኤንድ ታን›፤ ከዚያ የኤሊንግተን ባንድ የ1942 ሳውንዲ፣ ናንተን በተራው የሚነፋበት፤ ከዚያ ከዶርሲዎቹ ፊልም ቶሚ ከአርት ቴተም ፒያኖ ጋር የሚጫወትበት ትዕይንት። መዝጊያው ድምፅና ምስል አብረው የተቀረጹበት ይሆናል፤ ዲሴምበር 8 ቀን 1957 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈው ፕሮግራም፣ ቢሊ ሆሊዴይ ስትዘፍን ቪክ ዲከንሰን በትሮምቦን የሚመልስላት። ኤሊንግተን የዋሺንግተን ልጅ ነው፤ በ1973 ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ ተጫውቷል። የመብት ጉዳይ ተጣርቶ ያላለቀ ፊልም አይታይም።»

ገንዘብ ያዥ፦ ተስማምቻለሁ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይወጣ።

ፊልም አሰባሳቢው፦ እኔም። ግን ትሮምቦን ነፊው ጃክ ቲጋርደን ቀረ፣ ቆጭቶኛል።

ጸሐፊዋ፦ ለሚቀጥለው ዓመት። ጋሼ፣ ትሮምቦንዎን ይዘው ይመጣሉ? ትሪኪ ሳም ናንተን ያንን የሚያጉረመርም ድምፅ እንዴት እንደሚያወጣ አምስት ደቂቃ ያሳዩን።

ጋሼ፦ ትሮምቦኑን አመጣለሁ። ናንተን የትሮምቦኑ አፍ ላይ ከፈት ዘጋ የሚያደርገው ግን የተደፈነ ቧንቧ የሚከፈትበት ላስቲክ ነው። እሱን አንዳችሁ ግዙ፤ አደራ፣ ከሱቅ የወጣ አዲስ ይሁን።