በግቢያችን ኮብልስቶን ሥር ስለሚራባው ጉንዳን ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ ለጉንዳን መከላከያ ከማኅበሩ ተቀማጭ ወጪ እንዲደረግ ስለተጠየቀ፣ ለጉባኤው የምናቀርበውን ሰነድ እዚሁ አብረን እንድናረቅቀው በአክብሮት እጠይቃለሁ። አሁን በእጃችን ያለው ረቂቅ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝናቡ እንዳባራ ባለሙያ ቀጥረን ቤቱን ሁሉ በአንድ ቀን እናስረጭ።

የሦስተኛው ረድፍ ነዋሪ፦
ማስረጨቱን አልደግፍም። አምና በራሴ ወጪ ሁለት ጊዜ አስረጭቻለሁ። ለጥቂት ቀናት ጠፍቶ ከረመና በሳምንቱ በወጥ ቤቱ በር ፈንታ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሥር ብቅ አለ። አሁን ጠዋት ጠዋት ረከቦቱን ሳነሳ የስኳሩ ዕቃ ክዳን ዙሪያው ጠቁሮ አገኘዋለሁ፤ መስመሩን ተከትዬ ስወጣ ከደጃፌ ሁለት እርምጃ ርቆ በሁለት ድንጋዮች መካከል እንደ ተነፋ ዱቄት የደቀቀ አፈር ተከምሯል። ጉድጓዱ ያለው በጋራ መተላለፊያችን እንጂ በእኔ ቤት ውስጥ አይደለም።

ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር፦
እትዬ የተናገሩት የነገሩ ቁልፍ ስለሆነ ሰነዱ ከዚህ ቢነሳ እመርጣለሁ። በመርጫ የሚሞተው ምግብ ፍለጋ የወጣው ጥቂቱ ሠራተኛ ጉንዳን ሲሆን፣ ንግሥቲቱና እጮቹ ከድንጋዩ ሥር ምንም ሳይነካቸው ይቀራሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የምናጠፋው ምን እንደሆነ እንለይ። ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚፈላው አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው፤ አራቱ ክንፎቹ እኩል ናቸው፣ ወገቡ ወፍራም፣ አንቴናውም ቀጥ ያለ ነው። ክንፍ ያወጣ ጉንዳን ግን ወገቡ የቀጠነ፣ የፊት ክንፉ ከኋላው የሚረዝም፣ አንቴናውም እንደ ክርን የታጠፈ ነው። ምስጥ የጭቃ ቤታችንን ማገርና ወራጅ ስለሚበላ መከላከያውም ሌላ ነው። በሰልፍ የሚጓዘው ገብረ ጉንዳን ደግሞ ሰፈሩን እየለወጠ የሚያልፍ መንገደኛ ነው። ከእትዬ ደጃፍ ያነሳሁትን በማጉያ መነጽር ስመለከተው ርዝመቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ መልኩ ጥቁር ቡናማ፣ በደረቱና በሆዱ መካከል ሁለት ጉብታዎች፣ ከደረቱ በስተኋላም ሁለት ጥቃቅን እሾኮች ያሉት ነው። ይህ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የእግረኛ መንገድ ጉንዳን ከሚባለው ዝርያ ጋር በአንድ ወገን፣ ማለትም በቴትራሞሪየም፣ የሚመደብ ይመስለኛል፤ የዚህ ወገን ዝርያዎች በአፍሪካ እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ ዐሥር ያህል ጉንዳኖች በ70 በመቶ አልኮል ጠርሙስ አድርገን በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ እንዲለዩልን ብንጠይቅ መልካም ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ በ1 ሊትር ውኃ 100 ግራም ስኳርና ከ10 ግራም ያልበለጠ ቦሪክ አሲድ አሟምቶ በጥጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ቀስ ብሎ የሚገድል ስለሆነ ሠራተኛው ወደ ጎጆው ወስዶ ከአፍ ወደ አፍ ያቀብለዋል። መጠኑን ማብዛት ግን ተሸካሚውን መንገድ ላይ ስለሚገድለው ጥቅም የለውም፤ ማባበያው አጠገብም ምንም መርጨት አይገባም።

ንብ አናቢ አባል፦
መምህር፣ አንድ ነገር እንዲታሰብልኝ አጥብቄ እለምናለሁ። ከአጥሩ ሥር አምስት ቀፎ አለኝ። የስኳር ውኃ በግልጽ ከተቀመጠ በበጋው ንቦቼ ቀድመው ይደርሱበታል። ማባበያው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ ቀዳዳውም ጉንዳን ብቻ የሚያስገባ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ምስማር የተበሳ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦
ተቀብያለሁ፤ ዕቃው ከልጆችና ከዶሮዎችም ይርቃል። ምልክት በሌለው ብልቃጥ ከገበያ የሚመጣ የእርሻ መርዝ ወደ ቤት እንዳይገባ፣ ነጭ ጋዝም በጉድጓዱ ላይ እንዳይፈስስ በግልጽ ይጻፍ። ጋዙ እሳት ከማስነሣቱ ሌላ አፈራችንን ያበላሻል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
በሐሳባችሁ መሠረት ረቂቁ እንዲህ ተሻሽሏል፦ «ማኅበሩ የመርጫ ወጪውን ትቶ፣ በመጀመሪያ የጉንዳኑን ናሙና ያስለያል፤ ዝናቡ ሲቀንስ ከኅዳር ጀምሮ በሁሉም ረድፎች በአንድ ሳምንት ውስጥ የተከደነ ማባበያ ያስቀምጣል፤ ጥጡ እንዳይደርቅ በየጊዜው ያድሳል፤ እያንዳንዱ ቤት በዚያው ጊዜ የጉንዳኑን መስመር በሳሙና ውኃ ያጥባል፣ ስኳርና ማር በክዳን ይይዛል። ጉንዳኑ መመላለሱን ሲያቆም የበርና የግድግዳ ሥንጥቅ በሲሚንቶ ይደፈናል፣ በኮብልስቶኑ መካከል የጎደለውም አሸዋ ተሞልቶ ይጠቀጠቃል።»

የሦስተኛው ረድፍ ነዋሪ፦
«በማባበያው ሳምንት መስመሩን ያጥባል» የሚለው ይውጣልኝ። መንገዱን ካጠብንበት ወደ ማባበያው እንዴት ይደርሳል? እጥበቱ ከመድፈኑ ጋር ወደ ኋላ ይዘዋወር።

ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር፦
እትዬ ትክክል ናቸው፤ ይስተካከል። ጠርሙሱንና አልኮሉን እኔ አመጣለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከእርሳቸው ደጃፍ እንጀምራለን።