ወንድሜ ጣቢያ ውስጥ ተደብድቧል፣ አቤት የምለው የት ነው?

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ በስርቆት ተጠርጥሮ መሃል ከተማ ባለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ታስሯል። ሲወስዱት ምንም አልነበረበትም፣ የሰፈር ሰው ሁሉ አይቶታል። ትናንት ምሳ ላደርስለት ስሄድ ግን ግራ እጁን ማንሳት አቅቶት ነበር። ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ጀርባውን አሳየኝ፣ ሰንበር በሰንበር ነው። ውስጥ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎታል። "እመን እያሉ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። በመጨረሻ ሳያነበው አንድ ወረቀት ላይ አስፈርመውታል። ለማጠብ ብሎ የሰጠኝ ልብስ ደም አለበት።

ነገ ጠዋት ለጊዜ ቀጠሮ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የለንም። እናቴ "ዝም በይ፣ ይባስ ብለው እንዳይጎዱት" ትላለች። እባካችሁ የምታውቁ ምን ላድርግ?

ጠበቃ ከልደታ

አይዞሽ እህቴ። ነገ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ከሆነ ዋናው ሥራ ነገ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 ደግሞ ማንም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ተገዶ የሰጠው የእምነት ቃልም በማስረጃነት አይያዝበትም። ስለዚህ ያ የፈረመው ወረቀት አያስደንግጣችሁ። ግን ተገድዶ መፈረሙን ቶሎ መናገር አለበት። ወራት ቆይቶ፣ ክስ ተከፍቶ "ያኔ ደብድበውኝ ነበር" ቢል የሚያምነው ዳኛ ያንሳል።

ዛሬ ቁርስ ወይም እራት ስታደርሺ ይህችን ቃል በቃል ንገሪው። ነገ ፖሊስ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ፣ ዳኛው "የምትለው አለ?" ሲሉት እንዲህ ይበል፦ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምርመራ ላይ ተደብድቤአለሁ። የፈረምኩትም ተገድጄ ነው። ጉዳቴን ይመልከቱልኝ። ሕክምና እንዳገኝ፣ ድብደባውም በሌላ አካል እንዲጣራ ይታዘዝልኝ። ያልኩትም መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይረሳ። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ነገር በኋላ እንዳልተባለ ነው የሚቆጠረው። አንቺም ችሎት ገብተሽ ተቀመጪ፣ ትእዛዙ ምን እንደሆነ ጻፊ፣ ግልባጩን ከሬጅስትራር ጠይቂ።

የድሮ የአራዳ ሰው

ልጄ፣ የእናትሽ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ያደግነው ማዕከላዊ ከሚባለው የፖሊስ ምርመራ እስር ቤት አጠገብ ነው። ያ ቤት በ2010 እስኪዘጋ ድረስ ሰው በዚያ በር ሲገባ ቤተሰብ ድምፁን አጥፍቶ ነበር የሚጠብቀው። ቤቱ ቢዘጋም ፍርሃቱ ከሰው ልብ አልወጣም። እናትሽን አትቆጪያት፣ ይዘሻት ሂጂ እንጂ።

ሌላው፣ ብቻሽን አትሂጂ። ሲወስዱት በጤናው መሆኑን ካዩ ጎረቤቶች ሁለቱን ለምኚና ችሎት ይምጡ። ስማቸውንና ስልካቸውን ያዢ። ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ይረሳል፣ አንዳንዱም ይሸሻል።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም

መጀመሪያ ሕይወቱ። ብዙ የተደበደበ ሰው ጡንቻው ተጎድቶ ኩላሊቱን ሊያደክም ይችላል። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ ነገን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል እንዲወስዱት ጮክ ብለሽ ጠይቂ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ሐኪም እንዲጎበኘው መብት ይሰጠዋል። እጁን ማንሳት ካቃተውም ራጅ ያስፈልገዋል።

ልብሱን እንዳታጥቢው። ጥላ ላይ አድርቂው፣ ከዚያ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተቺው። ፌስታል ውስጥ ከገባ ይታፈንና ይበላሻል። ከረጢቱ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማን እንደሰጠሽ ጻፊ።

ስለ ሆስፒታል አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ቦታ "የሕክምና ማስረጃ ለመስጠት የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ አምጡ" ይባላል። ለመታከም ግን ደብዳቤ አያስፈልግም። ምርመራው ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ማስረጃው በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከካርዱ ይወጣል። ስለዚህ ለሐኪሙ የሚነግረው ነገር ወሳኝ ነው። አጃቢው ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ ስለሆነ ብዙ ታካሚ "ወድቄ ነው" ይላል፣ ሐኪሙም ያንኑ ይጽፋል። እኔን ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳምመኛል። ወንድምሽ "አጃቢው ውጭ ይጠብቅልኝ" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሐኪሞች የምንመራበት የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባል ሰነድ አለ፣ መጀመሪያ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው የተዘጋጀው። ምርመራው ፖሊስ በሌለበት ይሁን ይላል። እያንዳንዱ ሰንበር ቦታው፣ ርዝመቱና ቀለሙ እንዲጻፍም ይጠይቃል። ቀለሙ በየቀኑ ይቀየራል፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ የሚታይ ላይኖር ይችላል።

ሰሚ ያጣ

የሚሰማሽ የለም። ቪዲዮ ሠርተሽ ቲክቶክ ላይ ልቀቂው፣ ያኔ ይፈቱታል።

ጠበቃ ከልደታ

ወንድሜ፣ ምሬትህ ይገባኛል። ግን ልጁ አሁንም በእነሱ እጅ ነው። ፊቱን አደባባይ ላይ ማውጣት የሱ ውሳኔ ነው፣ የኛ አይደለም። ጣቢያ ውስጥ ስልክ አውጥቶ መቅረጽም እህቱን ሌላ ጣጣ ውስጥ ይከታታል።

ሰሚ አለ ወይ ለሚለው፣ ሕጉ ግልጽ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ቃል ለማውጣት ብሎ ተጠርጣሪን የሚደበድብ ወይም የሚያሠቃይ የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል ይላል፣ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። አለቃ አዝዞ ከሆነ አለቃው እስከ 15 ዓመት። ኢትዮጵያ በ1986 የተቀበለችው የፀረ ማሠቃየት ስምምነት ደግሞ መንግሥት ፈጥኖና ሳያዳላ እንዲመረምር ግዴታ ይጥልበታል።

ምርመራ ማለት ግን "አጣርተናል፣ አልተደበደበም" የሚል ደብዳቤ አይደለም። ያ ጣቢያ ራሱን ሊመረምር አይችልም። እውነተኛ ምርመራ ተጎጂውን ያነጋግራል፣ አብረውት የታሰሩትን ይጠይቃል፣ የተረኞችን መዝገብ ያያል፣ የሐኪሙን ካርድ ያስመጣል፣ ውጤቱን ለቤተሰብ ይነግራል። አንዱ ከጎደለ በአቤቱታሽ ላይ ስሙን ጠርተሽ ጻፊው።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ። ብራስልስ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች በተለያየ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አንድ አንድ ጥፊ ተመትተናል አሉ። ፖሊሶቹ ካዱ። ፍርድ ቤቱ ቤልጂየምን ጥፋተኛ አላት፣ ለጥፊው ብቻ ሳይሆን በደንብ ባለመመርመሯም ጭምር። ፍርዱ እኛን አያስገድድም። ሐሳቡን ግን ማንሳት ይቻላል፦ በጤናው የገባ ሰው ተጎድቶ ከተገኘ፣ እንዴት እንደተጎዳ ማስረዳት የያዘው አካል ፈንታ ነው። የጎረቤቶቹ ምስክርነት የሚያስፈልግሽ ለዚህ ነው።

የፒያሳ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ልብሱን ላጥበው ነበር፣ ደግነቱ ገና አልነከርኩትም። አቤቱታውን የማስገባው ለማን ነው? ነገ ከተናገረ በኋላ ቢበቀሉትስ?

ጠበቃ ከልደታ

በቀል ከፈራ እዚያው ችሎት ላይ "ወደዚያው ጣቢያ አትመልሱኝ፣ ሌላ ቦታ ልቆይ" ብሎ ይጠይቅ። አንቺም በየቀኑ ሂጂ፣ ምሳውን በእጁ ስጪው። አላሳይም ካሉሽ ሰዓቱን ጻፊ።

አቤቱታው ለፍትሕ ሚኒስቴርና ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይግባ። ኮሚሽኑ በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 መሠረት ሳያሳውቅ ማቆያ ቦታ ገብቶ መጎብኘት ይችላል። ስለዚህ ልጁ ያለበትን ክፍል ጭምር ጻፊላቸው። መንግሥት የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ አብዛኛውን ጊዜ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው የሚመጣው። እስከዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከልን ወይም ኢሰመጉን (የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን) አነጋግሪ።

አንድ ገጽ ይበቃል። መቼ ተያዘ፣ ማን አየው፣ መቼ ምን አየሽ፣ ምን ነገረሽ፣ ምን እንዲደረግ ትፈልጊያለሽ። የመርማሪውን ስም ካላወቃችሁ መልኩን፣ ማዕረጉንና ሰዓቱን ጻፉ። ኮፒ ይዘሽ ሂጂና መዝገብ ቤት ስታስገቢ በኮፒሽ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቺበት። ካላስመታሽ "አልደረሰንም" ይሉሻል።