ቀልቤ አልሰበሰብ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ሀሳብ_የበዛበት
ሰላም ናችሁ? ትናንት ማታ ልጄን ገላዋን እያጠብኳት ነበር። አራት ዓመቷ ነው። ስለ አንድ የሳሙና አረፋ ረጅም ወሬ ትነግረኛለች፣ እኔ "እሺ... እሺ" እያልኩ በሆዴ ለነገ ስብሰባ መልስ አዘጋጃለሁ። ድንገት በእርጥብ እጇ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ራሷ አዞረችና "አባዬ፣ እዚህ ና" አለችኝ። ፊቷ ተንበርክኬ እኮ ነው ያለሁት!

ስበላ ስለ ሥራ፣ ስሠራ ስለ ቤት፣ ልተኛ ስል ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ሰው ስለሰጠሁት መልስ አስባለሁ። "አሁን ላይ ኑር" የማይለኝ ሰው የለም፣ እንዴት እንደሆነ የሚያሳየኝ ነው የጠፋው። ሜዲቴሽን ሞክሬ 10 ደቂቃ ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ የወሩን ወጪ ስደምር ቆየሁ። የተሳካለት ካለ እስቲ ያካፍለኝ።

ደግሞ_ልሞክር
ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። ኪሊንግስወርዝና ጊልበርት የሚባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን ባልጠበቁት ሰዓት በስልካቸው እየደረሱ "አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሀሳብህስ የት ነው?" ብለው ጠየቁ። በ2010 እ.ኤ.አ. ነው ያሳተሙት። ከተጠየቁበት ጊዜ በ46.9 በመቶው ሀሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ግማሽ ሊሞላ ምን ቀረው? እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ሀሳባቸው ደስ ወደሚል ነገር ሲሄድ እንኳ፣ በያዙት ሥራ ላይ ካሉበት ጊዜ የበለጠ ደስተኛ አልነበሩም።

ሜዲቴሽኑንም አላበላሸኸውም። ወጪ እየደመርክ እንደነበር እንዴት አወቅህ? ያቺ "እንዴ፣ የት ሄጄ ነው?" ያልክባት ቅጽበት ናት ልምምዱ። እኔ ጭንቅላቴን ባዶ ለማድረግ ስታገል ሁለት ዓመት አባከንኩ። አሁን ኩባያ ሳጥብ የውሃውን ሙቀት ብቻ እከታተላለሁ፣ ስሸፍት እመለሳለሁ፣ እንደገና ስሸፍት እንደገና እመለሳለሁ፣ አንዱን ኩባያ እስክጨርስ አራት አምስቴ መሄዴ አይቀርም።

ወረቀትና_እስክሪብቶ
እሱ ያለው ልክ ነው፤ ግን ሀሳብ "ሂድ" ስላሉት አይሄድም። ቀጠሮ ስጠው። ቶማስ ቦርኮቬክ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር የሞከረው ዘዴ ነው፦ በየቀኑ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለመጨነቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ትመድባለህ። ቀን ላይ ሀሳቡ ሲመጣ "11 ሰዓት ላይ እንገናኝ" ብለህ ወደያዝከው ትመለሳለህ። ሲሰሙት ያስቃል፣ አውቃለሁ። እኔ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ብቻ እጽፍለታለሁ፦ "አለቃዬ"፣ "ኪራይ"። ሰዓቱ ሲደርስ ግማሹን "ይሄ ደግሞ ምን ነበር?" እላለሁ።

ለእንቅልፉም ሞክረው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 57 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ የቀጣዮቹን ቀናት ሥራ የዘረዘሩት፣ የጨረሱትን ሥራ ከዘረዘሩት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኝተዋል።

ዓይኔን_አልጨፍንም
እኔ ትንሽ ልቃወም። "አሁን" ለሁሉም ሰው ምቹ ቦታ አይደለም። ሐዘን ላይ በነበርኩ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ስቀመጥ ይብስብኝ ነበር፣ ልቤ ይመታል፣ ትንፋሼን ስከታተል ጭራሽ ትንፋሽ ያጥረኛል። የረዳችኝ ባለሙያ ዓይንሽን ግለጪና እግርሽ መሬቱን ሲነካ ይሰማሽ አለችኝ። በቃ ይኸው ነው። እንዲህ የሚሆንበት ሰው ካለ ብቻውን አይታገል፣ ባለሙያ ያናግር።

ደግሞ ስለ ነገ ማሰብ ኃጢአት አይደለም። ገላ ማጠቢያ ቤት ይዘኸው አትግባ እንጂ።

ሀሳብ_የበዛበት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ስብሰባውን፣ ስልኩንም ጭምር፣ ሌላ ክፍል ትቼ ገባሁ። ሁለቴ ጠፋሁ፣ ሁለቴ ተመለስኩ። አረፋው ለካ ስም አለው። ትናንትም ነግራኝ ነበር መሰለኝ።