ለጋራ ሐሳባችን፦ የኪራይ ክፍልና የከሰል ጉዳይ

አስተባባሪ፦ ሰላም ጎረቤቶቼ። እኛ አከራዮች ስለ ክፍል ኪራይ ለደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደር የምናስገባው የሐሳብ ረቂቅ፣ ስለ ደኅንነት የሚለው ክፍሉ ገና ባዶ ነው። የኅዳር ውርጭ ሳይገባ እንጨርሰው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከሰል ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የማታው ብርድ አጥንት ይገባል። ተከራዩ ከሰል አያይዞ ያስገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ይተኛል። ከከሰሉ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም። ጭሱ አልቆ የቀላው ፍም እንኳ ያወጣዋል። ስለዚህ ውሉ ላይ «ከሰል ክፍል ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው» ይባል እላለሁ።

ከጠባሴ ሰፈር፦ እትዬ፣ ጭንቀትዎ የሁላችንም ነው። ግን ክልክል ብሎ መጻፍ ብቻውን ማንንም አያድንም። ብዙዎቻችን ቆጣሪ ይበላል ብለን የኤሌክትሪክ ምድጃ እንከለክላለን። ከሰሉንም ከከለከልን ተከራዩ በምን ያብስል? በምን ይሙቅ? ደብቆ ያስገባዋል፤ እንዳይታይበትም መስኮቱን ይደፍናል። ግዴታው ከእኛ ይጀምር። እያንዳንዱ ክፍል የማይዘጋ የአየር መውጫ ይኑረው። ግቢ ውስጥ ከቆርቆሮም ቢሆን የጋራ ማብሰያ ይሠራ።

ኤሌክትሪሻኑ አባል፦ ምድጃ እንፍቀድ ካልን መስመሩ ይስተካከል። በአንድ ቀጭን ሽቦ ሦስት ክፍል ተቀጥሎ አያለሁ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ። መስመሩ ከልክ በላይ ሲጫን ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ብሬከር ሲወድቅ በትልቅ ይቀይሩታል። ያኔ ብሬከሩ አይወድቅም፣ ሽቦው ግን ይግላል፤ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ለየክፍሉ በሽቦው ልክ የሆነ ብሬከር፣ ለግቢውም ኧርዝ፣ ማለት ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ ይጻፍልኝ።

የአሮጌ ቤት ባለቤት፦ ልጆቼ፣ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ወጪውን ግን ከየት አምጥተን? የስድስት ወር ኪራይ ቀድመን ተቀብለን ብንጠግንስ?

ሕግ የሚያውቀው አባል፦ ጋሼ፣ እሱ አያስኬደንም። የኪራይ አዋጁ 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያን ከሁለት ወር አያሳልፍም። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ቢሆንም፣ ከእሱ የሚጋጭ ሐሳብ ይዘን አንቅረብ። ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 አለ፦ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ አደጋው አስቀድሞ የማይታወቅ ቢሆን እንኳ። የሰሜን ሸዋዋ ማጀቴ ከተማ በ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ እኛም ሩቅ አይደለንም። ግድግዳው የተሰነጠቀ ክፍል ሳይጠገን አይከራይ።

ከጠባሴ፦ የጋሼን ችግር ግን አንለፈው። የአየር መውጫው ብዙ ወጪ የለውም፤ እሱ ለሁሉም አሁኑኑ ይሁን። ለመስመሩ ለአሮጌ ቤቶች አንድ ዓመት ይሰጥ።

አስተባባሪ፦ አሳመናችሁኝ። «ክልክል ነው» የሚለውን አውጥቼ እንዲህ ጻፍኩ፦ «አከራይ የአየር መውጫና የማብሰያ ቦታ ሳያዘጋጅ ክፍል አያከራይም። ተከራይም ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል አይተኛም።» የመስመሩ አንድ ዓመትም ገብቷል። ወንድሜ ኤሌክትሪሻኑ፣ የሽቦና የብሬከር ልኩን በሠንጠረዥ አድርገህ ላክልኝ። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ፤ ሰኞ ጠዋት አስገባዋለሁ።