ስድስተኛ ክፍል ደርሰው እንግሊዝኛ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ከየት ልጀምር?

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም የሙያ አጋሮቼ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የልጆቼ ደብተር ያምራል። ከሰሌዳ የሚገለብጡት ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል። አንብቡልኝ ስል ግን ክፍሉ ጸጥ።

ባለፈው ጎበዝ የምላትን ልጅ ራሷ የጻፈችውን አንብቢ አልኳት። ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ «ሲ… ኤ… ቲ…» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ካት መሆኑ አልመጣላትም። ድመቷ ከጎኑ ተስላለች እኮ!

ተማሪዎቹ ከስልሳ በላይ ናቸው። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ይካፈላሉ። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ስለሆነ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ድርሰት ጻፉ ስል «ማይ ኔም ኢዝ» ብለው እዚያው ይቆማሉ። ሰባተኛ ሲገቡ ደግሞ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው። ርእሰ መምህሩ ከተማ አቀፍ ፈተናው ደርሷል፣ ምዕራፍ ጨርሺ ይሉኛል። ከፊደል ልጀምር ወይስ ምዕራፉን ልግፋ? የሠራላችሁን ንገሩኝ። ቲዎሪውን ኮሌጅ ጠግቤዋለሁ።

ጋሼ ከአቃቂ

እህቴ፣ ልጅቷ የተማረችውን ነው የነገረችሽ። የፊደሉን ስም። እኛ «በ» ስንል ስሙም ድምፁም ያው ነው። የእንግሊዝኛው ስሙ «ሲ» ሆኖ ድምፁ አንዴ ክ ነው፣ አንዴ ስ። ይህን ማንም ካልነገራት ከየት ታምጣው?

ምዕራፉን አትተዪ። ግን ክፍለ ጊዜው ሲጀመር አሥር ደቂቃ ለድምፅ ስረቂ። እኔ ሳድሱን እጠቀማለሁ። ክ፣ አ፣ ት፤ ካት። ከዚያ የፊተኛዋን ፊደል ብቻ እየቀየርኩ ሃት፣ ማት፣ ራት። አንዳንዴ ትርጉም የሌለው ቃል እጽፍላቸዋለሁ። እሱን ካነበቡ ሸምድደው አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎ ጫፍ ላይ የምትለጠፈው ኢ ትመጣለች። ካፕ የነበረው ኬፕ ይሆናል። ኢዋ ራሷ አትሰማም፣ ግን ከኋላ ሆና «ኤ»ን በስሙ ታስጠራዋለች። ልጆች ይህን ሲያዩ ይስቃሉ።

ጽሕፈቱን ከወሬ ጀምሪ። ዝናብ በጣለ ማግስት የእናንተ ሰፈር ጭቃ መቼም ወሬ አያጣም። መጀመሪያ በአማርኛ ያውሩት፣ ኦሮምኛም ቢቀላቅሉ ተያቸው። ከዚያ ያሉትን አጫጭር አድርገሽ በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፊ። «ኢት ሬንድ። ዘ ሮድ ዋዝ ማዲ። ዊ ወር ሌት።» አብረው ያንብቡ። አንድ ቃል አጥፊ፤ ክፍተቱን እየሞሉ እንደገና ያንብቡ። ሌላም አጥፊ። ሰሌዳው ባዶ ሲሆን ደብተር አውጡ በያቸው። ያኔ የሚጽፉት ከጭንቅላታቸው ነው፣ የሚገለበጥ የለም።

ግሡን መጨረሻ ላይ ይወረውሩታል፣ ዳቦ እበላለሁ ለማለት «አይ ብሬድ ኢት» እያሉ። በአማርኛ ቦታው እዚያ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ቃላቱን ካርቶን ላይ ጽፈሽ ለልጆች አስይዢና ፊት ለፊት አሰልፊያቸው። «ኢት»ን የያዘው ልጅ ጫፍ ላይ ሲቆም ጓደኞቹ በሹራቡ እየጎተቱ መሃል ያስገቡታል። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ አይረሳውም።

ጀሞ ሁለት

ጋሼ ያሉት ደስ ይላል፣ ሳድሱ ላይ ግን አልስማማም። የእኔዎቹ መጽሐፉ ላይ ከእንግሊዝኛው በላይ በእርሳስ የአማርኛ ፊደል ይደረድራሉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች አይወርድም። አንድ ቀን ላጲስ አስይዤ አስጠፋኋቸውና ጉዱ ወጣ።

መጽሐፍ ካነሰሽ ቆሻሻ አስመጪ። የምሬን ነው። የብስኩት ላስቲክ፣ የሳሙና ካርቶን፣ የሃይላንድ ውሃ መጠቅለያ፤ ሁሉም ላይ እንግሊዝኛ አለ። መቼ ተመረተ፣ መቼ ያበቃል፣ ውስጡ ምን አለ ብለሽ አስፈልጊያቸው። የእኔ ክፍል ጊዜው ያለፈበት ብስኩት ያገኘ ልጅ ባለሱቁን ሊያስከስስ ነበር።

እርማት ላይ ደግሞ ራስሽን አትግደዪ። ስልሳ ደብተር በቀይ ስታቀልሚ ብታድሪ ልጆቹ ውጤቱን አይተው ይዘጉታል። አንድ ሳምንት የምታዪው ትልቁን ፊደልና ነጥቡን ብቻ ይሁን። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለ ቶሎ አይገባቸውም። ሌላውን ስሕተት እያየሽ እለፊው።

ጋሼ ከአቃቂ

ልጄ፣ ሳድሱ በአፍ ነው ያልኩት! በእርሳስ ከሆነ እኔም ላጲስ ይዤ እመጣለሁ።

እናት ከኮዬ ፈጬ

ይቅርታ፣ አስተማሪ አይደለሁም። ልጄ አምስተኛ ነው። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። ቤት ምን ላግዘው?

ጀሞ ሁለት

እማማ፣ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት። ሲጨርስ ምን እንደሚል በአማርኛ ይንገርዎት። ታሪኩ ካልገባዎት እሱም አልገባውም ማለት ነው፣ ድገም ይበሉት።

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ

ተባረኩ። ነገ ባለሱቁን ካርቶን ልለምን ነው። ጋሼ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶቹ በ«ካት» እና «ሃት» ይሰለቻሉ። እነሱን ምን ላድርጋቸው?

ጋሼ ከአቃቂ

አንድ አንዱን ከማይችሉት ጎን አስቀምጪ። መልስ መናገር ክልክል ነው፣ በጣት መጠቆም ብቻ። በዚያች አሥር ደቂቃ ነው ታዲያ፣ ከዚያ ወደ ምዕራፉ ሲመለሱ ረጅሙን ምንባብ ለእነሱ ስጪ።