ስናፕን ሳላጠፋ መስኮቶች ያለፈቃዴ እንዳይለጠፉ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 11 ነው፣ ሁለት ሞኒተር ጎን ለጎን። መስኮት ከአንዱ ወደ ሌላው ስጎትት ሁለቱ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ትንሽ ከዘገየሁ ግማሽ ስክሪን ላይ ይለጠፋል፤ በቀረው ግማሽ ደግሞ የሌሎቹን መስኮቶች ምስል ደርድሮ ምረጥ ይለኛል። ወደ ላይ ጠጋ ሳደርገው የአቀማመጥ ሳጥኖች ከአናት ይወርዳሉ። ስናፕን (መስኮትን ጠርዝ ላይ የሚያስለጥፈውን የዊንዶውስ አገልግሎት) ባጠፋው ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ግን የዊንዶውስ ቁልፍና የግራ ቀኝ ቀስቶችም አብረው ሥራ ያቆማሉ፣ እነሱን ቀኑን ሙሉ ነው የምጠቀማቸው። የቻት ፕሮግራሙ ደግሞ ግማሽ ላይ ሲቀመጥ ጎረቤቱን ይሸፍናል። መላ ካላችሁ?

መልስ 1፦
ዋናውን ማብሪያ አትንካው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ መልቲታስኪንግ ግባና ስናፕ ዊንዶውስ ከሚለው አጠገብ ያለችውን ቀስት ንካ፤ ከሥሩ ምርጫዎች ይዘረዘራሉ። መስኮቱ ጠርዝ ሳይደርስ እንዲለጠፍ የሚፈቅደውን ምልክት አንሳ፤ ሳይታሰብ የሚያስለጥፈው በአብዛኛው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚለጠፈው የማውሱ ቀስት ራሱ ጠርዙን ሲነካ ብቻ ነው። ወደ አናት ሲጎተት ሳጥን የሚያወርደውንም አንሳ። ቀጥሎ የሚቀመጠውን የሚጠቁመውም እዚያው አለ፣ እሱንም አንሳው።

መልስ 2፦
በመጨረሻው አልስማማም። ጥቆማው ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ካልፈለግከው ኤስኬፕ ስትጫን ይጠፋል። ከሞኒተር ሞኒተር ለማሻገር ደግሞ ጨርሶ አትጎትት፦ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍትና ቀኝ ወይም ግራ ቀስት አንድ ላይ ስትጫን መስኮቱ ሳይለጠፍ ይሻገራል። እየጎተትክ ሐሳብህን ከቀየርክ የማውሱን ቁልፍ ሳትለቅ ኤስኬፕ ጫን፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

መልስ 3፦
የመሸፋፈኑ ምክንያት ሌላ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከዚህ በታች አልጠብም የሚልበት ወርድ አለው፣ ስናፕም ያንን አይጥስም። ስክሪኑ 1920 በ1080 ፒክሰል (የስክሪን ነጥብ) ሆኖ ስኬሉ (ጽሑፍና ምስል የሚጎላበት መጠን) 150 በመቶ ከሆነ ለፕሮግራሞቹ የሚደርሳቸው ወርድ 1280 ነው፤ ግማሹ 640። ዝቅተኛ ወርዱ 800 የሆነ ፕሮግራም እዚያ ሲገባ 160ው ጎረቤቱ ላይ ይወጣል። ስኬሉን ወደ 125 ብታወርደው ወርዱ 1536 ይሆናል፤ ግማሹ 768 ነው፣ አሁንም 32 ይጎድላል። ስለዚህ በ125 ላይ ሆነህ የዊንዶውስ ቁልፍና ዜድ ተጫን፤ ከሚመጡት አቀማመጦች ሁለት ሦስተኛና አንድ ሦስተኛ የሆነውን ምረጥና ሰፊውን ለቻቱ ስጠው። 1024 ያገኛል፣ ለጎረቤቱም 512 ይቀራል።

ጥያቄ፦
አመሰግናለሁ። የፕሮግራሙን ዝቅተኛ ወርድ በምን አውቃለሁ?

መልስ 3፦
ሳይለጠፍ ለብቻው ክፈተውና የቀኝ ጠርዙን ይዘህ ወደ ግራ ግፋው። አልሄድም ብሎ የቆመበት ነው ወርዱ። እዚያ ላይ እንዳለ የስክሪኑን ግማሽ ካለፈ፣ በግማሽ አቀማመጥ መሸፈኑ አይቀርም።