የከንፈር ቅባት ከንፈሬን ለምን ያቃጥለኛል?

ጠያቂ (አዘዞ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጥቅምት ከገባ ወዲህ ከንፈሬ እየደረቀ ይላጣል። የገዛሁት የከንፈር ቅባት ሲቀቡት ቀዝቀዝ ያደርጋል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ያቃጥለኛል፣ የከንፈሬ ዙሪያም ይቀላል። ማሸጊያው ላይ ሜንቶል፣ ካምፎር፣ የንብ ሰም፣ ላኖሊንና መዓዛ የሚል ተጽፏል። የሚያስቆጣኝ የትኛው ይሆን?

ፋርማሲስት (ፒያሳ)፦ እህቴ፣ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ሜንቶሉንና ካምፎሩን ነው። ሜንቶል ከንፈርን አያለሰልስም፤ ቅዝቃዜ የሚለዩትን ነርቮች ስለሚቀሰቅስ ብቻ የተሻለን ይመስለናል። በተሰነጠቀ ከንፈር ላይ ሁለቱም ያቃጥላሉ። ሲያቃጥል ደግሞ መልሰን እንቀባለን፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ መዓዛው አለ፤ በተለይ የቀረፋና የሚንት ጣዕም ያላቸው ቅባቶች አለርጂ ያመጣሉ። ላኖሊን ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት ነው፤ አብዛኛውን ሰው ይስማማዋል፣ አንዳንዱን ግን ያሳክከዋል። ሁሉንም ተይና ሽቶ የሌለው ነጭ ቫዝሊን ብቻ ለሁለት ሳምንት ተቀቢ። ከንፈርሽንም በምላስሽ አታርጥቢ፤ ምራቁ ሲደርቅ ይብስበታል።

እናት (ማራኪ)፦ ልጄ፣ ለጋ ቅቤስ ምን አለው? እኛ በእሱ ነው ያደግነው። ቅመም ገብቶበት የተነጠረውን ግን ወደ ከንፈርሽ እንዳታስጠጊ።

ጠያቂ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤት ውስጥ ሰም አለን፤ በዘይት አቅልጬ ብሠራውስ?

ንብ አናቢ (ደምቢያ)፦ ሰሙ ከየት የመጣ ነው? የጠጅ ሰፈፍ ከሆነ እንዲያው አትጠቀሚበት፤ ሳይጣራ ብዙ ነገር ይዞ ይቀራል። ንቦች ከዛፍ ሙጫ ሰብስበው የቀፎውን ስንጥቅ የሚደፍኑበት ፕሮፖሊስ የሚባል ቡናማና የሚያጣብቅ ነገር አለ። ሰሙ የማያስቆጣውን ሰው እንኳን እሱ ያስቆጣዋል። የተጣራ ሰም ካገኘሽም መጀመሪያ በክንድሽ የውስጥ በኩል፣ አንዲት ቦታ ላይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት እየቀባሽ እዪው።

መምህር (ቸቸላ)፦ የጥርስ ሳሙናሽንም አትርሺ፤ ሚንት በእሱም ውስጥ አለ። ከተማችን ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የበጋው ፀሐይ ብቻውን ከንፈር ያደርቃል። ባርኔጣ ወይም ነጠላ ይጠቅምሻል።

ፋርማሲስት (ፒያሳ)፦ መምህር ስለ ጥርስ ሳሙናው ልክ ነዎት። እህቴ፣ በሁለት ሳምንት ካልተሻለሽ፣ የአፍሽ ጥግ ከተሰነጠቀ ወይም አንድ ቦታ ላይ የማይድን ቁስል ከቀረ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከንፈሩ ካበጠ ግን ሁለት ሳምንቱን አትጠብቂ። ቅባቱንና የጥርስ ሳሙናውን ከነማሸጊያቸው ይዘሽ ሂጂ።